ነፋሲት፤ በተራራ ግርጌ የምትገኝ የምድር ባቡር ከተማ

ከተሞች የሚቆረቆሩበት ምክንያት ልዩ ልዩ ነው። አንዳንዱ ከተማ በገበያ፣ አንዳንዱ በቤተ መንግሥት፣ አንዳንዱም በወደብ ወይም በገዳም ምክንያት ይመሠረታል። ነፋሲት ግን የከተማነት መልኳን ያገኘችው የምድር ባቡር ከደረሰባት በኋላ ነው። ይህች ትንሽ ከተማ ከአሥመራ በስተ ምሥራቅ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ በዙሪያዋ ተራሮች ከብበዋት ትገኛለች። ስሟ «ነፋስ» ከሚለው ቃል ጋር የተዛመደ ነው፤ ከቀይ ባሕር በኩል ወጥቶ በሸለቆው የሚያልፈው ነፋስ ፊቱን የነካው መንገደኛም ስሙ ለቦታው የተገባ መሆኑን ወዲያው ይረዳል።

ከአሥመራ ወደ ምጽዋ የሚወርድ፣ ወይም ከምጽዋ ወደ አሥመራ የሚወጣ ሰው ነፋሲትን አብዛኛውን ጊዜ በመኪና መስኮት አይቷት ያልፋል። ይሁን እንጂ ግማሽ ቀን ሰጥቶ በእግሩ እየተዘዋወረ የሚመለከታት ሰው፣ የአንድ አገር ታሪክ፣ የአየር ጠባይ፣ የሃይማኖት ቅርስና የእጅ ጥበብ በአንድ ጠባብ ስፍራ ተሰብስበው ያገኛል። ስለዚህ ሐዲዱ እስከዚህ እንዴት እንደ ደረሰ፣ ባቡሩ በዚህ ስፍራ የሚቆመው ስለ ምን እንደ ሆነ፣ ጎብኚው ምን ሊመለከት እንደሚችል፣ የከተማው ሕዝብና ሹማምንቱም ምን መጠበቅ እንዳለባቸው ከዚህ በታች በየተራው ተገልጧል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሐዲዱ እንዴት እንደ መጣ

ኢጣሊያ ምጽዋን የያዘችው በ1885 ነበር። ከዚያም ጦሯን ወደ መካከለኛው አገር እያስገባች ሰሐጢን በያዘች ጊዜ፣ መቀመጫቸውን በአሥመራ ያደረጉት ራስ አሉላ ወደ ጊንዳዕ ወርደው ሰፈሩ። በጥር ወር 1887 መጀመሪያ ሰሐጢን ወጉ፤ በማግሥቱም ለሰሐጢ ምሽግ ርዳታ ይዞ የሚጓዘውን፣ አምስት መቶ ያህል ወታደር ያለበትን የኢጣሊያ ጦር ዶጋሊ ላይ ገጥመው ድል አደረጉ። ይህ ሽንፈት በሮም ታላቅ ድንጋጤ ስለ ፈጠረ፣ የኢጣሊያ መንግሥት ብዙ ጦር ወደ ምጽዋ ላከ። ለዚሁ ጦር ስንቅና መሣሪያ ለማመላለስም ከምጽዋ እስከ ሰሐጢ 27 ኪሎ ሜትር የሚሆን የባቡር ሐዲድ በ1887 ተጀምሮ በ1888 ተፈጸመ። በዚያው ዓመት አፄ ዮሐንስ 4ኛ እጅግ ብዙ ሠራዊት አስከትተው እስከ ሰሐጢ አጠገብ ከደረሱ በኋላ ሳይዋጉ ተመልሰዋል።

ከዚህ እንደሚታየው የመጀመሪያው ሐዲድ የተዘረጋው ለነጋዴ ወይም ለመንገደኛ ታስቦ ሳይሆን ለጦርነት ነበር። በሜዳው ላይ ከተዘረጋ በኋላም ሥራው ከዐሥር ዓመት በላይ ቆሞ ቆየ። እንደገና የተቀጠለው ፌርዲናንዶ ማርቲኒ ከ1897 እስከ 1907 የቅኝ ግዛቱ ገዥ በነበሩበት ዘመን ነው። የአስተዳደሩ መቀመጫ ከምጽዋ ወደ አሥመራ ስለ ተዛወረ፣ ወደቡን ከደጋው ከተማ ጋር ማገናኘት ግዴታ ሆነ። ሐዲዱ በ1904 ጊንዳዕ፣ በ1910 ነፋሲት፣ በ1911 አሥመራ ደረሰ። ከዚያም ወደ ምዕራብ ቀጥሎ በ1922 ከረን ከገባ በኋላ እስከ አቆርደትና ከዚያም ወዲያ ተዘርግቷል።

እነዚህን ዓመታት አስተካክሎ የሚያነብ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። በሜዳው ላይ ያለው 27 ኪሎ ሜትር የተፈጸመው በጥቂት ወራት ሲሆን፣ ከጊንዳዕ እስከ ነፋሲት ያለው አጭር መንገድ ግን ስድስት ዓመት ፈጅቷል። የዘገየበትም ምክንያት ተራራው ነው። ገደሉን እየፈለጡ፣ ዋሻ እየበሱ፣ በየወንዙ ላይ የድንጋይ ድልድይ እየገነቡ መሄድ አስፈላጊ ነበር። የሥራውን ንድፍ ያወጡት የውጭ አገር መሐንዲሶች ቢሆኑም፣ ድንጋዩን የተሸከመውና አፈሩን የዛቀው በብዛት የአገሩ ተወላጅ ጉልበት ነበር። በነፋሲት አካባቢ ያሉትን ጠርበ ድንጋይ ግንቦች የሚመለከት ጎብኚ ይህን ማስታወስ ይገባዋል።

ባቡሩ በነፋሲት ስለሚቆምበት ምክንያት

የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሲንከባለል የሚያግደው ነገር ጥቂት ነው። ባቡር ብዙ ጭነት በአነስተኛ ኃይል ሊጎትት የሚችለውም ስለዚህ ነው። ነገር ግን በሜዳ ላይ ጥቅም የሆነው ይኸው ልስላሴ በአቀበት ላይ ችግር ይሆናል፤ ጎማው ሐዲዱን አጥብቆ ለመያዝ አይችልምና። በእግር ለሚሄድ ሰው ቀላል የሚመስለው ዳገት ለባቡር የማይቻል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ተራራውን በቀጥታ ከመውጣት ይልቅ ሐዲዱን በተራራው ጎን እያዞሩ መንገዱን ማስረዘም መርጠዋል። ከምጽዋ እስከ አሥመራ በቀጥታ መስመር ቢለካ ርቀቱ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሐዲዱ ግን 118 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። እንደዚህም ሆኖ እጅግ ጠንካራ በሆነው አቀበት ላይ በየ100 ሜትሩ እስከ 3 ሜትር ተኩል ይወጣል፤ ይህም ያለ ጥርስ ሐዲድ ለሚሄድ ባቡር ከባድ ከሚባሉት አቀበቶች አንዱ ነው።

የሐዲዱ ስፋት 95 ሳንቲ ሜትር ነው። በብዙ አገሮች ከተለመደው 143 ሳንቲ ሜትር ተኩል ስፋት ጋር ሲመዛዘን በጣም ጠባብ ነው። ጠባብ የሆነበትም ምክንያት በተራራ ጎን ላይ ለሚደረገው ጠምዛዛ መንገድ አመቺ በመሆኑና የሚቆረጠውን አለት ስለሚቀንስ ነው። በዚህ መንገድ ላይ እንዲሠሩ ከተመረጡት የእንፋሎት መኪናዎች መካከል ዋነኞቹ በስዊሱ መሐንዲስ በአናቶል ማሌ ዘዴ የተሠሩት ናቸው። የማሌ መኪና ሁለት ረድፍ ጎማዎች ያሉት ሲሆን፣ የፊተኛው ረድፍ ከኋለኛው ተለይቶ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ለመዞር ይችላል። በዚህም ምክንያት ረጅምና ኃይለኛ መኪና ሆኖ ሳለ በጠባቡ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ያለ ችግር ይታጠፋል። እንፋሎቱም በመጀመሪያ በኋለኞቹ ሲሊንደሮች ከሠራ በኋላ ወደ ፊተኞቹ ሰፋፊ ሲሊንደሮች ተላልፎ ሁለተኛ ጊዜ ያገለግላል፤ በዚህ ዓይነት ከሰልና ውሃ ይቆጠባል። በ1938 በጄኖቫ በአንሳልዶ ፋብሪካ የተሠሩ የዚህ ዓይነት መኪናዎች ከስድሳ ዓመት በኋላ እንኳ በዚሁ ተራራ ላይ ሲወጡ ታይተዋል።

ቁጠባው የቱንም ያህል ቢሆን፣ አቀበት የሚወጣ የእንፋሎት መኪና ውሃ ሳይጨምር ሩቅ ሊሄድ አይችልም። ከነፋሲት በላይ እስከ አሥመራ ድረስ ሰባት መቶ ሜትር ያህል ከፍታ መውጣት አለበት። ስለዚህ ባቡሩ በነፋሲት ቆሞ ውሃ ይቀዳል፤ እሳት አንዳጁ አመዱን ይጠርጋል፤ ነጂው መገጣጠሚያዎቹን እየመረመረ ዘይት ያጠጣል። መንገደኛውም በዚሁ ጊዜ ወርዶ ሻይ ይጠጣል፤ ዘመዱን ያገኛል፤ ዕቃ ይገዛል። ከጣቢያው አጠገብ ሻይ ቤት፣ ሱቅና ማደሪያ የሚከፈተው በእንዲህ ያለው ዕረፍት ምክንያት ነው፤ ከተማይቱም እንደዚሁ አደገች።

ቁልቁል የሚወርደው ባቡር ደግሞ ሌላ ዓይነት ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። መኪናው ብቻውን ፉርጎዎቹን ሁሉ ሊገታ ስለማይችል፣ በየፉርጎው ላይ የቆሙ ሠራተኞች የነጂውን ፊሽካ እየሰሙ ፍሬኑን በእጃቸው ያጠብቃሉ ወይም ያላላሉ። በጉም በረጠበ ሐዲድ ላይ ጎማው እንዳይንሸራተት አሸዋ ይነሰነሳል። ይህ ሁሉ በመጽሐፍ ብቻ የሚገኝ ዕውቀት አይደለም፤ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከአሮጌው ሠራተኛ ወደ አዲሱ በሥራ ላይ የተላለፈ ሙያ ነው።

ስለ አየሩ ጠባይና ስለ አገሩ መልክ

በነፋሲት አካባቢ ጎብኚውን እጅግ ከሚያስደንቁት ነገሮች አንዱ የአየሩ መለዋወጥ ነው። በአሥመራና በደጋው ሁሉ ዋናው ዝናም የሚዘንበው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በምሥራቁ ተዳፋትና በባሕሩ ዳር ግን ዝናሙ በይበልጥ የሚወርደው ከኅዳር እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ነው። ምክንያቱም በነዚህ ወራት ከቀይ ባሕር የሚነሣው እርጥበት ያለው ነፋስ ወደ ተራራው ሲገፋ ወደ ላይ ለመውጣት ስለሚገደድ ነው። አየር ከፍ ባለ ቁጥር ይቀዘቅዛል፤ በቀዘቀዘም ጊዜ የያዘውን እርጥበት ወደ ጉምና ወደ ካፊያ ይለውጠዋል። ነፋሲት የምትገኘው በሁለቱ የዝናም ክፍሎች ወሰን ላይ ነው።

በዚህም ምክንያት በጥር ወር ከአሥመራ በብሩህ ፀሐይ ተነሥቶ የሚወርድ መንገደኛ፣ ከተራራው ጫፍ ሲደርስ ከበታቹ ሸለቆው ሁሉ በነጭ ጉም ተሞልቶ ያያል። ከፍተኛዎቹ ተራሮች ብቻ እንደ ደሴቶች ብቅ ብለው ይታያሉ። ጥቂት ሲወርድ ወደ ጉሙ ውስጥ ይገባል፤ ከእጁ ርዝመት በላይ ያለውን ለማየት እስኪቸገር ድረስ ይጨልምበታል። ጊንዳዕ ሲደርስ ደግሞ ለምለም ሣርና የአትክልት ስፍራ ያገኛል። ከዚያም ወደ ምጽዋ ሲቃረብ ሙቀቱ የደጋ ልብሱን ያስወልቀዋል። ይህ ሁሉ የሚታየው በአንድ ቀን ጉዞ ነው።

በተዳፋቱ ላይ ቁልቋል፣ ወይራና የዱር ጽድ በየስፍራው ይገኛል። የአሜሪካ ተክል የሆነው በለስም በዚህ አገር እጅግ ተስማምቶት ገደሉን ሁሉ ሸፍኗል። ፍሬው በሚደርስበት በሐምሌና በነሐሴ ወር ልጆች በእሾህ እየተወጉ ከለቀሙት በኋላ በመንገድ ዳር አስቀምጠው ለመንገደኛ ይሸጡታል። በሐዲዱ አጠገብ ዝንጀሮዎች በመንጋ ሆነው ይታያሉ፤ ባቡር ሲመጣም ከድንጋይ ግንቡ ላይ ወርደው ያሳልፉታል።

ስለ ደብረ ቢዘን ገዳም

ከነፋሲት በላይ ቀጥ ብሎ የሚታየው ተራራ ደብረ ቢዘን ነው። ገዳሙ የተመሠረተው በ14ኛው መቶ ዓመት በአቡነ ፊልጶስ ነው። አቡነ ፊልጶስ የአባ አብሳዲ ደቀ መዝሙር ሲሆኑ፣ አባ አብሳዲም የአባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዝሙር ነበሩ። እንደሚታወቀው የኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቅዳሜም እንደ እሑድ እንዲከበር አጥብቀው ያስተምሩ ነበር። በዚሁ ምክንያት በንጉሡ በዳዊት ዘመን ክርክር ተነሥቶ አቡነ ፊልጶስ በ1400 ከታሰሩ በኋላ በ1404 ተፈቱ። ነገሩ ፈጽሞ የተቋረጠው በ1450 በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ፣ ሁለቱም ሰንበቶች እንዲከበሩ በተወሰነ ጊዜ ነው። ስለዚህ ከነፋሲት ሻይ ቤት ተቀምጦ ወደ ላይ የሚመለከት ሰው የሚያየው ውብ ተራራ ብቻ ሳይሆን፣ በመላው የኢትዮጵያና የኤርትራ ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ላይ ምልክቱን የተወ ስፍራ ነው።

ወደ ገዳሙ የሚወስደው መንገድ የእግር መንገድ ነው። ከነፋሲት ተነሥቶ የሚወጣ ጤነኛ ሰው ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። በገዳሙ ሥርዐት መሠረት ሴቶች ከወሰኑ አያልፉም። ገዳሙ ብዙ የብራና መጻሕፍት ያሉት በመሆኑም የግእዝን ሥነ ጽሑፍ የሚያጠኑ ሊቃውንት በከፍተኛ ክብር ያዩታል። ጎብኚው አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ፣ ጨዋ ልብስ መልበስ፣ ያለ መነኮሳቱ ፈቃድ ፎቶግራፍ አለማንሣትና ድምፁን ዝቅ ማድረግ ይገባዋል። በጠዋት ከወጣ ከላይ ሆኖ የነፋሲትን ጣራዎችና በተራራው ጎን እንደ ቀጭን ክር የተጠመጠመውን ሐዲድ ይመለከታል። በጣቢያው ሆኖ ሊገባው ያልቻለው የመሐንዲሶቹ ዘዴ ከዚህ ሆኖ ሲታይ ግልጥ ይሆንለታል።

ስለ ከተማይቱና ስለ ሕዝቧ

ነፋሲት የሐዲዱ ከተማ ብቻ ሳትሆን የመንገዶችም መገናኛ ናት። ከአሥመራ ወደ ምጽዋ የሚወርደው የመኪና መንገድ በመካከሏ ያልፋል፤ ወደ ደቀ ምሐሬ የሚወስደውም መንገድ ከዚህ ይገነጠላል። ስለዚህ ከደጋ የሚወርደው ትግርኛ ተናጋሪ ገበሬ፣ በተዳፋቱ ላይ ከብቱን የሚያሰማራው የሳሆ ተናጋሪና ከቆላው የሚመጣው የትግሬ ተናጋሪ ነጋዴ በአንድ ስፍራ ይገናኛሉ። ክርስቲያኑና እስላሙ ጎረቤት ሆነው አንዱ የሌላውን በዓል አክብረው ይኖራሉ። ቋንቋ ሲለያይ መግባቢያው ገበያው ነው፤ እህሉ፣ ቅቤው፣ ማሩ፣ ፍየሉ፣ ከጊንዳዕ በኩል የሚመጣው ብርቱካንና መንደሪን በዚሁ ይለዋወጣል።

የመኪናው መንገድ ብቻውን አልመጣም። ኢጣሊያኖች ኢትዮጵያን ለመውረር በተዘጋጁባቸው በ1930ዎቹ ዓመታት የምጽዋ ወደብ ከመጠን በላይ በጭነት ስለ ተጨናነቀ፣ ባቡሩን የሚረዳ የአየር ገመድ ከምጽዋ እስከ አሥመራ ተሠርቶ በ1937 ሥራ ጀመረ። ርዝመቱ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ስለ ነበር በዓለም ካሉት ሁሉ የሚበልጥ ሆነ። ቅርጫቶቹ በብረት ምሰሶዎች ላይ በተዘረጋ ገመድ ተንጠልጥለው በሸለቆዎቹ ላይ ያልፉ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዞች አገሩን ሲያስተዳድሩ መኪናዎቹን ነቅለው ስለ ወሰዱ ሥራው ቀረ። በዚያው በ1930ዎቹ በፊያት ፋብሪካ የተሠሩት ሊቶሪና የሚባሉት ባለ ሞተር የመንገደኛ ባቡሮች ወደ ሐዲዱ ገቡ። እነዚህ ውሃ ለመቅዳት መቆም ስለማያስፈልጋቸው መንገደኛውን ከእንፋሎቱ ባቡር ይልቅ ፈጥነው ያደርሱት ነበር።

የሐዲዱ መፍረስና መታደስ

የጭነት መኪናዎች እየበዙ በሄዱ መጠን የባቡሩ ሥራ እየቀነሰ መጣ። በ1970ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ደግሞ ጦርነቱ እየተስፋፋ በመሄዱ አገልግሎቱ ፈጽሞ ቆመ። ከዚያ በኋላ ሐዲዱ ራሱ የጦርነት ዕቃ ሆነ። የሁለቱም ወገን ወታደሮች ሐዲዱንና በሥሩ የሚነጠፉትን አግዳሚ ብረቶች እየነቀሉ የምሽግ ጣራ አደረጓቸው። በ1990 ምጽዋ ከተያዘች በኋላ እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ እስከ 1991 ድረስ የጊንዳዕ አካባቢ የውጊያ ግንባር ስለ ነበር፣ ጉዳቱ በዚህ ክፍል የበረታ ሆነ። በመጀመሪያ ለጦር የተዘረጋው ሐዲድ፣ ለብዙ ዓመታት መንገደኛና እህል ካመላለሰ በኋላ እንደገና በጦር ተነቀለ።

ኤርትራ በ1993 ነፃ መንግሥት ከሆነች በኋላ ሐዲዱን እንደገና ለመዘርጋት ተወስኖ በ1994 ሥራው ተጀመረ። የውጭ ኩባንያ ጠርቶ በአዲስ ዕቃ ማሠራት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ከምሽጎቹ የተነቀለው ብረት እየተለቀመ እንዲመለስ ተደረገ። ጡረታ ወጥተው የነበሩ፣ አንዳንዶቹም ዕድሜያቸው ከሰባ ዓመት ያለፈ የባቡር ሠራተኞች ተጠርተው መጡ። የተጣመመውን ሐዲድ አቀኑ፤ የሌለውን ቡሎን በምድጃቸው ቀጥቅጠው ሠሩ፤ ዝገው የቆሙትን የእንፋሎት መኪናዎች ፈታትተው አደሱ። ከዚሁም ጋር ወጣቶችን አስተማሩ። ሐዲዱ ከምጽዋ ተነሥቶ እንደ ቀድሞው ተራራውን እየወጣ በ2003 አሥመራ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ባቡሩ እንደ ድሮው የዕለት ተዕለት ጭነት አመላላሽ ባይሆንም፣ በአሥመራና በነፋሲት መካከል ጎብኚዎችን ይዞ ሲወርድና ሲወጣ ታይቷል።

በዚህ ሥራ ውስጥ ሊዘነጋ የማይገባው ነገር አለ። ብረቱ ከምሽግ ሊገኝ ቻለ፤ ሙያው ግን የተገኘው ከሽማግሌዎቹ እጅና ራስ ብቻ ነበር። ሥራው ዐሥራ አምስት ዓመት ዘግይቶ ቢጀመር ኖሮ ብረቱ ቢኖርም እንኳ እንዴት እንደሚገጠም የሚያሳይ ሰው በቀላሉ ባልተገኘም ነበር።

ለጎብኚ የሚጠቅም ምክር

ነፋሲትን ለመጎብኘት የሚፈልግ ሰው ባቡር የሚሄድበት ቀን ቢያጋጥመው በባቡር መውረድ ይመረጣል። ባቡር በማይኖርበት ቀን ግን በአውቶቡስ ወርዶ ከተማይቱን በእግር መመልከት ይችላል። ከአሥመራ በጠዋት ቢነሣ በመንገዱ ላይ ዓርበ ረቡዕን አልፎ፣ ሸለቆው በሙሉ ከሚታይበት ስፍራ ጥቂት ቆሞ ቢመለከት መልካም ነው። ነፋሲት ሲደርስ በመጀመሪያ ጣቢያውን፣ ውሃ መቅጃውንና የድንጋይ ግንቦቹን ይመልከት። ከዚያ ጉልበት ያለው ወደ ደብረ ቢዘን ይውጣ፤ መውጣት የማይፈልግ ገበያውንና የከተማይቱን ዳርቻ ይዙር። ከኅዳር እስከ መጋቢት የሚመጣ ሰው ጉሙንና ልምላሜውን ያያል፤ የዝናም ልብስ ግን መያዝ አለበት። በሐምሌና በነሐሴ የሚመጣ የበለስ ፍሬ ይበላል። በዋሻዎች ውስጥና በድልድዮች ላይ በእግር መሄድ ግን አደገኛ ስለ ሆነ ሊደረግ አይገባም።

ከከተማው ሕዝብና ከሹማምንቱ የሚጠበቅ

አንዲት ትንሽ ከተማ በጎብኚ መጠቀም የምትችለው ያላትን ጠብቃ ስትቆይ ነው። በህንድ አገር የዳርጂሊንግ የተራራ ባቡር፣ ከነፋሲቱ ይልቅ በጠበበ ሐዲድ ላይ የሚሄድ ሆኖ ሳለ፣ በ1999 በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። በነፋሲት ጎረቤት የምትገኘው አሥመራም በሕንፃዎቿ ምክንያት በ2017 በዚሁ መዝገብ ገብታለች። ይህም ሰዎች ከሩቅ አገር መጥተው ሊያዩት የሚሹት ነገር አዲስና ታላቅ የሆነው ብቻ አለመሆኑን ያስረዳል።

ስለዚህ የሚከተሉት ነገሮች ይታሰቡባቸው ዘንድ ይገባል። አንደኛ፣ ከሐዲዱ በላይ ያለው ተዳፋት ዛፍና እርከን እንዲኖረው ማድረግ ነው። ዛፉ የተቆረጠበት ተዳፋት በአንድ ኃይለኛ ዝናም አፈርና ድንጋይ አውርዶ ሐዲዱን ሊቀብረው ይችላል። ሁለተኛ፣ ከሐዲዱ በታች የሚያልፉት የውሃ ቦዮች ከዝናሙ ወራት በፊት እንዲጠረጉ ያስፈልጋል። አንድ ቦይ ከተደፈነ ውሃው በሐዲዱ መደብ ላይ ይወጣና የብዙ ዓመት የግንብ ሥራ በአንድ ሌሊት ያፈርሳል፤ ይህን ለመጠበቅ የሚያስፈልገው አካፋና ጥቂት የሥራ ቀን ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ ከአሮጌ ግንቦችና ከአየር ገመዱ መሠረቶች ድንጋይና ብረት ለቤት ሥራ እንዳይወሰድ፣ በሐዲዱ መደብ ላይም ቤት እንዳይሠራ መከልከል ነው። አራተኛ፣ ለመንገደኛ ንጹሕ ውሃና ንጹሕ ሽንት ቤት ማዘጋጀት ነው፤ እንግዳ የከተማን መልካምነት ከሁሉ አስቀድሞ የሚመዝነው በዚህ ነውና።

አምስተኛው ከሁሉ የሚያስቸኩለው ነው። በከተማይቱና በአካባቢዋ የሚኖሩ የቀድሞ የባቡር ሠራተኞች የሚያውቁትን፣ የመሣሪያዎቹን ስም፣ የፊሽካውን ምልክት፣ የፍሬኑን አያያዝ፣ በየጠመዝማዛው የሚደረገውን ጥንቃቄ፣ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። የትምህርት ቤት መምህራን ከተማሪዎቻቸው ጋር ይህን ሥራ በትንሽ ወጪ ሊፈጽሙት ይችላሉ። አንድ ተማሪ አያቱን ጠይቆ በደብተሩ የሚጽፈው ገጽ፣ ነገ መኪና ለሚያድስ ወጣት መመሪያ ይሆነዋል። የሠራተኞቹ ቁጥር በየዓመቱ እየቀነሰ ስለሚሄድ ሥራው ለሚቀጥለው ዓመት መተላለፍ የለበትም።

ባቡሩ በነፋሲት የሚቆመው ውሃ እስኪቀዳ ድረስ ለጥቂት ደቂቃ ነው። በዚያች ደቂቃ የሚወርደው መንገደኛ የተጠረገ ጣቢያ፣ የቆመ ግንብ፣ ታሪኩን አስተካክሎ የሚነግረው ልጅና ትኩስ ሻይ ካገኘ፣ በሌላ ጊዜ ከነቤተሰቡ ተመልሶ ይመጣል። የከተማው አስተዳደርና ሕዝቡም ከላይ የተዘረዘሩትን ተባብረው ቢፈጽሙ ጥቅሙ በመጀመሪያ የሚደርሰው ለራሳቸው ለነፋሲት ነዋሪዎች ነው።